ከበሮውን የሚያዝዘው ማን ነው? የግብጽ ሕዝባዊ ሙዚቃና የውዝዋዜ መድረክ

በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት በእግር አሸበሸበ፣ በአካል ተወዛወዘ ማለት ነው። ዐረብኛም ይህንኑ ሥር በጥንት መጻሕፍቱ ለውዝዋዜ ይጠቀምበታል፤ በበዓል ቀን ሐበሾች በነቢዩ መስጊድ ያሳዩትን ጨዋታ የሚተርከው ሐዲስ የገባበት ግሥ ይኸው ነው። ዛሬ ግን በከተማ አማርኛ «ዘፈን» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ የሚሰማውን ነው፤ በዓይን የሚታየውን «ውዝዋዜ» ብለን ለይተነዋል። አንድ የነበረ ቃል እንዲህ ለሁለት መከፈሉ፣ አንድ የነበረው ነገርም ለሁለት መከፈሉን ያመለክታል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይህ መለያየት ሸክላና ሬዲዮ፣ ቲያትር ቤትና የባህል ሚኒስቴር በተቋቋመበት አገር ሁሉ የደረሰ ነው። ይሁን እንጂ የግብጽን ያህል ደረጃ በደረጃ ልንከታተለው የምንችልበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የግብጽ ሕዝባዊ ሙዚቃ ከመንደር ተነሥቶ ለመድረክ ውዝዋዜ ሲውል ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ነው። ጥያቄያችን «መሣሪያው ጥንታዊ ነው ወይ? ልብሱስ የባላገር ልብስ ነው ወይ?» የሚለው የተለመደው ጥያቄ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ከበሮ መቺው መቼ እንዲፈጥን፣ መቼ እንዲያዘግም፣ መቼ እንዲያቆም የሚወስነው ማን ነው? የሚል ነው። በእኛ አስተያየት የአንድን ሙዚቃ ሕዝባዊነት የሚለካው ከዜማውና ከመሣሪያው ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

፩. በመንደሩ

ከላይኛው ግብጽ፣ ግብጻውያን ሰዒድ ከሚሉት አገር እንጀምር። የሰዒድ የአደባባይ ሙዚቃ ዋና መሣሪያዎች ሚዝማርና ጠብል በለዲ ናቸው። ሚዝማር በድርብ የሸምበቆ ምላስ የሚነፋ፣ አፉ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ የእንጨት መሣሪያ ሲሆን፣ ድምፁ ስለታምና ከሩቅ የሚሰማ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዎች ሆነው ይነፉታል፤ አንደኛው ዜማውን ሲመራ ሌላው አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይዞ ይቆያል። ነፊዎቹ በአፍንጫቸው አየር እየሳቡ በጉንጫቸው ያጠራቀሙትን ስለሚያወጡ፣ ዜማው ለትንፋሽ ብሎ አይቋረጥም። ጠብል በለዲ ደግሞ ከአንገት የሚንጠለጠል፣ በአንድ ፊቱ በወፍራም ዱላ፣ በሌላው ፊቱ በቀጭን አርጩሜ የሚመታ ትልቅ ከበሮ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ከሚያጅቧቸው ጨዋታዎች አንዱ ጠሕጢብ ነው። ዩኔስኮ በ2016 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ ጨዋታ፣ ሁለት ወንዶች ረጃጅም ዱላ ይዘው በክብ በቆመ ሕዝብ መካከል የሚገጥሙበት ነው። ተጋጣሚዎቹ አስቀድመው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ዱላቸውን በራሳቸው ላይ እያዞሩ እርስ በርሳቸው ይዟዟራሉ፤ የባላንጣውን ራስ ለመንካት ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ከበሮውና ሚዝማሩ ጨዋታውን ይከተላሉ፤ ተጋጣሚዎቹ ሲያደቡ ይረጋሉ፣ ሲጋጠሙ ይግላሉ። ጨዋታው ማሸነፍና መሸነፍ ያለበት በመሆኑ መጨረሻው አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለሆነም ሙዚቃው የተወሰነ ርዝመት የለውም። በዚያው አገር የሠለጠነ ፈረስ በሚዝማር ድምፅ እግሩን እያነሣ ሲወዛወዝም፣ ፈረሰኛው፣ ፈረሱና ነፊው ሦስቱም እየተጠባበቁ የሚሄዱ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ገዋዚ የሚባሉት በውዝዋዜ የሚተዳደሩ ሴቶች ናቸው። ገዋዚዎች ሲወዛወዙ በጣቶቻቸው ላይ ሳጋት የሚባሉ ትንንሽ የናስ ጸናጽል ያስራሉ። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ተወዛዋዥዋ ሳጋቱን በያዘች ጊዜ ከሙዚቀኞቹ አንዷ ሆናለች ማለት ነው፤ በወገቧ የጀመረችውን በጣቷ ታሰማለች፣ በጣቷ ያሰማችውን ከበሮ መቺው ያነሣላታል። በሉቅሶር አካባቢ በናት ማዚን ተብለው የታወቁት እኅትማማቾች ለሃያኛው ምእተ ዓመት ያቆዩት ሞያ ይህ ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚመለከተው ዛር ነው። ዛር ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳንና ግብጽ፣ ከዚያም እስከ ቀይ ባሕር ማዶ የተዘረጋ ሥርዐት መሆኑ የታወቀ ነው። በሱዳን ዛር ውስጥ «ሐበሺ» የሚባሉ መናፍስት የራሳቸው ወገን አላቸው፤ ሐበሻ በጎረቤቱ ሕዝብ ሕልምና ሕመም ውስጥ ሳይቀር ቦታ ይዞ ኖሯል ማለት ነው። በካይሮው ዛር ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱ ታንቡራ ነው፤ ስድስት ጅማት ያለው፣ ከእኛ ክራርና በገና ጋር አንድ ቤተ ሰብ የሆነ መሣሪያ ነው። ሌላው መንጉር ይባላል፤ የፍየል ሰኮናዎች በብዛት የተሰፉበት ሰፊ መታጠቂያ ነው። መንጉር በእጅ አይመታም፤ በወገብ ታጥቀው ሲወዛወዙ ይጮኻል። ስለ ሙዚቃና ውዝዋዜ አንድነት ብዙ መጻሕፍት ከሚያስረዱን ይልቅ ይህ አንድ መሣሪያ ይበልጥ ያስረዳናል፤ ያለ ውዝዋዜ ድምፅ የለውምና።

በዛር እያንዳንዱ መንፈስ የራሱ ዜማና የራሱ ምት አለው። ሙዚቀኞቹ ሕመምተኛዋን እያዩ አንዱን ምት ይሞክራሉ፤ ሰውነቷ ካልመለሰ ይተዉትና ሌላውን ያነሣሉ፤ ሰውነቷ የመለሰ እንደ ሆነ ያንኑ ይዘው ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ ሙዚቃው ትክክል መሆኑን የሚፈርደው የሕመምተኛዋ አካል ነው፤ ሌላ ዳኛ የለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ካጠና በኋላ በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዛር ያየውን ቲያትር ሰዎች የሚኖሩት እንጂ የሚጫወቱት ብቻ አይደለም ሲል ለይቶታል። ይህ ልዩነት ለቀጣዩ ክርክራችን መሠረት ስለሚሆን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

፪. በከተማውና በሸክላው

በ1834 የግብጹ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ በአደባባይ የሚወዛወዙ ሴቶች ከካይሮ እንዲወጡ አዘዘ። ብዙዎቹ ወደ ላይኛው ግብጽ፣ ወደ ቀና፣ ወደ እስናና ወደ አስዋን ተጋዙ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን የግብጻውያንን ኑሮና ልማድ የገለጸበትን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚህ ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ1836 ነው። ፍሎበርም በ1850 እስና የደረሰው በዚያ በግዞት የነበሩትን ሴቶች ፍለጋ ጭምር ነበር። አውሮፓ ስለ ግብጽ ውዝዋዜ የያዘችው ሥዕል እንግዲህ በከፊል የተቀዳው ከከተማቸው ከተባረሩ ሴቶች ነው። ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 «ኦሪየንታሊዝም» በተባለው መጽሐፉ ይህን የፍሎበርን ጉብኝት ምሳሌ አድርጎ፣ የምትታየዋ ሴት ስለ ራስዋ የመናገር ዕድል እንዳልተሰጣት አሳይቷል። እኛ የምንጨምረው ይህን ነው፦ እርስዋ ብቻ ሳትሆን ከጎንዋ የነበሩት ሙዚቀኞችም አልተነገረላቸውም። ጎብኚው የሚያየው አካል ነበርና ከአካሉ ጋር የሚነጋገረው ድምፅ የጀርባ ጫጫታ ሆኖ ቀረ።

በ1932 የሆነው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። በዚያ ዓመት በንጉሥ ፉአድ ጥሪ በካይሮ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተደረገ። ሃንጋሪያዊው ቤላ ባርቶክ፣ ጀርመናውያኑ ፖል ሂንደሚት፣ ኩርት ዛክስና ሮበርት ላክማን፣ ኦስትሪያዊው ኤሪክ ፎን ሆርንቦስተልና ሌሎችም ተገኙ። ከግብጻውያኑ መካከል ፒያኖን የመሰሉ የአውሮፓ መሣሪያዎች ለዐረብ ሙዚቃ ዕድገት ያስፈልጋሉ ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ከአውሮፓውያኑ መካከል ደግሞ መሣሪያው የሙዚቃውን ጠባይ ያጠፋል ብለው የተቃወሙ ነበሩ። የተራቡት ዘመናዊነትን ሲመኙ፣ የጠገቡት ጥንታዊነትን ሲመክሩ የሚታይበት ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጉባኤው ያተረፈልን ዋናው ሀብት ግን ክርክሩ ሳይሆን ሸክላው ነው፤ ከክላሲካሉ ሙዚቃ ጋር የዛር ዜማ ሳይቀር ተቀድቶ ኖሮ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 ቅጂዎቹን በሲዲ አሳትሟቸዋል።

ታላቅ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ሸክላ የሚይዘው ድምፅን ብቻ ነው። በዛሩ ቅጂ ላይ የሚሰማው ከበሮ ለማን እንደሚመታ፣ ምቱ ለምን እንደተለወጠ፣ የማን ትከሻ መልስ እንደ ሰጠ ከሸክላው ልናውቅ አንችልም። ፍሎበር አካልን ያለ ድምፅ ወሰደ፤ ሸክላው ድምፅን ያለ አካል አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው የመድረክ ጥበብ የተነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ግማሾች ነው።

፫. ማሕሙድ ሪዳና መድረኩ

በ1959 ማሕሙድ ሪዳ፣ ወንድሙ ዓሊ ሪዳና ዋናዋ ተወዛዋዥ ፈሪዳ ፋሕሚ የሪዳን ቡድን በካይሮ አቋቋሙ። ማሕሙድ ሪዳ (1930–2020) በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ አገሩን የወከለ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ነበር፤ የሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች አድናቂም ነበር። ቡድኑ በ1961 ወደ መንግሥት ተዛወረ። በዚያው ዘመን መንግሥት በሶቭየት ባለሙያዎች እርዳታ ሌላ ብሔራዊ የሕዝባዊ ኪነት ቡድን አቋቁሟል። ዘመኑ የናስር ዘመን ነበር፤ ከ1937 ጀምሮ በሞስኮ የነበረው የሞይሴዬቭ ቡድን አዲስ ነጻ ለወጡ አገሮች ሁሉ አርአያ የሆነበት ዘመን ነው።

ሪዳን ከመንቀፋችን በፊት የሚገባውን ልንሰጠው ይገባል። በእርሱ ጊዜ ውዝዋዜ የጨዋ ልጅ ሥራ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ልጅ የሆነችው ፈሪዳ ፋሕሚ በአባትዋ ድጋፍ መድረክ ላይ መውጣትዋ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ሠርቷል። ኋላም በ1987 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሪዳን የፈጠራ አካሄድ የሚመረምር የማስትሬት ጽሑፍ አቅርባ የራስዋን ሞያ በራስዋ ብዕር አስረድታለች። ሪዳም ቢሆን የመንደሩን እንዳለ ቀድቼ አመጣሁ ብሎ አልተመጻደቀም፤ ከሕዝቡ አካሄድ ተነሥቶ የመድረክ ቋንቋ እንደ ፈጠረ ሲናገር ኖሯል። ስለዚህ «አስመሳይ ነው» የሚለው ክስ አይያዝለትም። ሐሰት ያልተናገረን ሰው በሐሰት መክሰስ የሒስ ሥራ አይደለም።

የእኛ ነቀፌታ ከሌላ ወገን ነው። የቡድኑን ሙዚቃ የደረሰው ዓሊ ኢስማዒል (በ1974 ዐረፈ) ብልህ ሙዚቀኛ ነበር። በ1962 እና በ1967 ዓሊ ሪዳ ባዘጋጃቸው ሁለት ፊልሞች ሥራው ይታያል፤ በሁለተኛው፣ «የካርናክ ፍቅር» በተባለው፣ ለሉቅሶር ከተማ የተዘፈነው ዘፈን ዛሬም ግብጻዊ ሁሉ የሚያውቀው ነው። የሰዒዱ ምት አለ፤ ዱም ተክ፣ ዱም ዱም ተክ እያለ ይሄዳል። የሰዒዱ ቀለምም አለ። ነገር ግን ቫዮሊኖቹ በጅምላ ይገባሉ፣ በጅምላ ይወጣሉ፤ የዜማው ርዝመት ተወስኗል፤ ተወዛዋዦቹ በስንተኛው ምት ወደ ቀኝ እንደሚዞሩ ተቆጥሯል። በመንደሩ ሁለት ሰዎች የሚገጥሙበት ዱላ፣ በመድረኩ የወጣቶች ሰልፍ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ዱላ ሆነ። ማሸነፍና መሸነፍ ስለ ሌለ ከበሮ መቺው የሚጠብቀው ነገር የለም። ዓይኑ ከተጋጣሚዎቹ ላይ ተነሥቶ ወደ ሙዚቃ መሪው ዞረ።

በምዕራብ በረሃ በመርሳ መጥሩሕ አካባቢ ያሉ በደዊዎች ሐጋላ የሚሉትን ጨዋታ ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በሐጋላ አንዲት የተሸፈነች ሴት በሰልፍ ቆመው በሚያጨበጭቡና በሚዘፍኑ ወንዶች ፊት ትወዛወዛለች። መሣሪያው የሰው መዳፍ ነው። ጭብጨባው ይጠራታል፤ እርስዋ ስትቀርብ ጭብጨባው ይጠነክራል። ሪዳ ሐጋላን ወደ መድረክ ሲያመጣ ኦርኬስትራው የጭብጨባውን ቦታ ወሰደ። ዜማው አማረ፤ ልብሱ ደመቀ፤ ውዝዋዜው ነጠረ። ሆኖም ጥሪና መልስ የነበረው ነገር አጀብ ሆነ። ሌሪስ ለዛር ባወጣው መለያ ብንናገር፣ ይኖሩት የነበረው ጨዋታ የሚጫወቱት ብቻ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ይህንኑ መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደ ነው። የግብጽ ውዝዋዜ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ሳይቀር ትምህርት ቤት ተከፈተለት። በለንደን የኖረው ግብጻዊው ከበሮ መቺ ሆሳም ራምዚ (1953–2019) ለነዚህ ተማሪዎች የሚሆኑ ብዙ ሲዲዎች አሳተመ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰውም ተምሮበታል። ነገር ግን በሲዲ የምትወዛወዝ ሴት የቱንም ያህል ብትራቀቅ ከበሮውን ልታዘገየው አትችልም። ሳጋት በጣቶችዋ ብታስርም የሚሰማት የለም። አንድ ጊዜ የሙዚቀኞቹ ባልንጀራ የነበረችው ተወዛዋዥ፣ አሁን የማይሰማ ጌታ ታዛዥ ሆናለች። «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንላለን፤ በሲዲው ዘመን ግን ከበሮው በማንም እጅ የለም።

፬. ከካይሮ ወደ አዲስ አበባ

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር በአንድ ሰው በኩል ይገናኛል። ሃሊም ኤልዳብ (1921–2017) በትምህርቱ የግብርና ባለሙያ የነበረ የካይሮ ተወላጅ ሙዚቀኛ ነው። በ1944 ድምፅን በሽቦ የሚቀዳ መሣሪያ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የዛርን ሥርዐት ቀዳ። ከዚያም የድምፁን መሠረታዊ ቃና እየቀነሰ፣ ማስተጋባቱን እየጨመረ፣ «የዛር መግለጫ» ሊባል የሚችል ሥራ አዘጋጅቶ በዚያው ዓመት በካይሮ አሰማ። ፓሪሳዊው ፒየር ሼፈር በዚህ ዐይነት ሙዚቃ ስሙን ያስጠራው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 በመሆኑ፣ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ የኤልዳብ ሥራ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል።

ክብሩ ይገባዋል፤ ግን በመለኪያችን እንየው። ሴቶቹ የሚዘፍኑት ቃል ጠፍቶ የቀረው ጥላው ነው፤ ያ ምት ያነሣው አካልም የለም። ለመዳን የተዘፈነው ለመደመም ተደመጠ። ይህን ስንል ሥራውን ማጣጣላችን አይደለም። ኤልዳብ ራሱ የዛርን ድምፅ ከዛር አላምታታም፤ የደረሰው ሥራ የእርሱ መሆኑን በስሙ አሳውቋል። ከዚያም በ1950 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1958 ለማርታ ግራሃም ታላቅ የውዝዋዜ ድራማ፣ ለ«ክሊቴምኔስትራ»፣ ሙዚቃውን ደረሰ። አካልን ከድምፁ የለየው ሰው እንደገና ለአካል ወደ መድረስ ተመለሰ ማለት ነው።

በ1962 ኤልዳብ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አዲስ አበባ መጣ፤ በ1963 «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ የሚጫወቱ፣ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የመጡ ባለሞያዎችን በአንድ መድረክ ማስቀመጥ በዚያን ጊዜ ድፍረት ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ከተማ፣ አዝማሪውን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰው ባለውለታችን ነው። ቡድኑን በኋላ የመራው ተስፋዬ ለማም በዋሽንግተን በስደት ኖሮ በ2013 እስኪያርፍ ድረስ ያንን አደራ አልጣለም። ሆኖም የሪዳ ጥያቄ እዚህም አለ። አንድ ማሲንቆ መቺ በአንድ ሰርግ ቤት የእንግዳውን ፊት እያየ ግጥሙን ይለውጣል፤ የሚወዛወዘውን ትከሻ እያየ ያፈጥናል። ኦርኬስትራ ውስጥ ሲገባ አጠገቡ ያሉትን ይጠብቃል፤ የሥራው መነሻና መድረሻም አስቀድሞ ተወስኗል። ክብር አግኝቷል፤ በክብሩ ልክ ሥልጣኑ ቀንሷል። ይህን ሁለቱንም ሳይፈሩ መናገር ይገባል።

፭. ሦስተኛ መንገድ አለን?

የነቀፈ ሰው ሌላ መንገድ ማሳየት አለበት። ግብጽ ራስዋ ሁለት ታሳየናለች።

አንደኛው የስዊዝ ካናል ከተሞች የፖርት ሰዒድ፣ የእስማዒሊያና የስዊዝ ሲምሲሚያ ነው። ሲምሲሚያ የክራር ዘመድ የሆነ ባለ ጅማት መሣሪያ ነው፤ ዩኔስኮ ለግብጽና ለሳዑዲ ዐረቢያ በጋራ በ2024 መዝግቦታል። የወደብ ሰዎች በመርከብ ዙሪያ በትንንሽ ጀልባ እየነገዱ ሲኖሩ የፈጠሩት በምቡጢያ የተባለ ውዝዋዜ አለ፤ በእጅ ማንኪያ እያንኳኩ፣ መቅዘፍንና ገመድ መሳብን በአካል እየተረኩ የሚወዛወዙት ነው። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ የነዚህ ከተሞች ሕዝብ ቤቱን ለቅቆ ለዓመታት በአገሩ ውስጥ ተሰደደ፤ ሲምሲሚያውም አብሮት ተሰደደ፤ የመጽናናትና የእምቢተኝነት ዘፈን ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዘካሪያ ኢብራሂም በፖርት ሰዒድ የቀሩትን አረጋውያን ተጫዋቾች ፈልጎ «አል ታንቡራ» የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም፣ የመለሰው ዜማውን ብቻ አልነበረም፤ ደማ የሚሉትን የመሰብሰቢያ ልማድም ጭምር ነው። በደማ ተቀባዩ ሕዝቡ ነው፤ ሊወዛወዝ የፈለገ ይነሣል፣ ሲደክመው ለሌላው ይለቃል፤ ዘፈኑም በተነሣው ሰው ልክ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ቡድኑ በአውሮፓ መድረኮች ጭምር ተጫውቷል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሚጠብቀው ደማ አለ። መድረኩ የደማው እንግዳ እንጂ ተተኪ አልሆነም።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙ ምሁራንን የሚያስቆጣ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በካይሮ ድሃ ሰፈሮች የመንገድ ሰርግ ላይ ማህራጋናት የሚባል፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ምትና በማሽን የተሻከረ ድምፅ ያለው ሙዚቃ ተነሣ። የሙዚቀኞች ማኅበር በ2020 በአደባባይ እንዳይቀርብ ከልክሎታል። ሚዝማርም ሆነ ረባባ አይገባበትም። ይሁንና በሰርጉ ላይ ማይክሮፎን የያዘው ወጣት የሚወዛወዘውን በስሙ እየጠራ፣ የሰፈሩን ስም እያነሣ፣ ሕዝቡ በጋለበት ይቆይበታል፤ በቀዘቀዘበት ይለውጠዋል። የቃሉን ስድነት አንደግፍም፤ የድምፁን ጩኸትም አንወድም። በመለኪያችን ስንመዝነው ግን ይህ የተናቀ ጨዋታ በቫዮሊን ካማረው የመድረክ ሥራ ይልቅ ለጠሕጢቡ ክብ ይቀርባል፤ የሚወዛወዘው ሰው ዛሬም ያዝዛልና። መለኪያ የያዘ ሰው መለኪያው የማይወደውን ሲያጸድቅበት መቀበል ግዴታው ነው።

፮. ለእኛ የሚተርፈው

ይህን ሁሉ ስለ ግብጽ የጻፍነው የጎረቤትን ጓዳ ለመቁጠር አይደለም። ስደተኛው ማኅበረሰባችን በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ለልጆቹ ባህል ላስተምር ሲል በቅድሚያ የሚያስበው ጥልፍ ቀሚስና የተቀዳ ዘፈን ነው። ልጆቹ በረድፍ ቆመው፣ የአራት ደቂቃ ዘፈን እየቆጠሩ፣ የጎንደሩን፣ የወሎውን፣ የጉራጌውንና የኦሮሞውን ውዝዋዜ በየተራ ያሳያሉ። ወላጅ ያለቅሳል፤ እኛም ከሚያለቅሱት ነን። ነገር ግን ልጁ የተማረው መታዘዝን ነው። እስክስታ በትውልድ አገሩ አንዱ ሌላውን በትከሻው የሚጠይቅበት፣ ሌላው የሚመልስበት፣ አጨብጫቢው የሚፈርድበት ጨዋታ ነው። የጥያቄው መልክ ተላልፎ መጠየቁ ካልተላለፈ፣ ያወረስነው ልብሱን ነው።

ከበሮ መቺ በሌለበት አገር ምን እናድርግ? የሚለን ይኖራል። ለዚህ ሐጋላ መልስ አለው፤ መዳፍ የሌለው ማኅበረሰብ የለም። ልጆቻችን ውዝዋዜውን ከመማራቸው በፊት ማጨብጨብን፣ ዘፈን ተቀባይ መሆንን፣ የሚወዛወዘውን ሰው ፊት እያዩ ምትን ማፍጠንና ማዘግየትን ቢማሩ፣ ቀሪው በቀላሉ ይከተላል። በየአዳራሹ ከሚታየው ትርኢት ቀጥሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ አንድ ሰዓት ለክብ ጨዋታ መተው ወጪ የለውም። ለጥናት ባልደረቦቻችንም የምንለው አለን፦ በስደት የሚገኙ አዝማሪዎችንና ተወዛዋዦችን ስትቀዱ ካሜራው በተወዛዋዡ ላይ ብቻ አይቁም፤ የከበሮ መቺው ዓይን ወዴት እንደሚያይ ጭምር ይቀረጽ። የካይሮው ሸክላ ከዘጠና ዓመት በላይ ዕድሜ ይዞ ሊነግረን ያልቻለው ያንን ነው፤ የእኛዎቹ ባለሞያዎች ግን ገና በሕይወት ስላሉ ልንጠይቃቸው እንችላለን።